ቱቦው አሁን የት ነው?

የዛሬው ዝግጅታችን ለአንድ ዓይነት ቤት የተሰናዳ ነው፤ በአፍንጫው ወይም በሆዱ በኩል የምግብ ቱቦ ገብቶለት ከሆስፒታል የተመለሰ ሕፃን ላለበት ቤት። በአዊ ዞን በአዘና፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በየገጠር ቀበሌው እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አይደለም፤ ባለበት ግን ጭንቀቱ ከባድ ነው። ሆስፒታል ሳለ በነርስ እጅ ይሠራ የነበረው ሥራ አንድ ቀን ጠዋት በእናት ወይም በአያት እጅ ይገባል። በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይደጋገማል፤ ሌሊትም አይቀርም። ስለ ቱቦ ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ እኔ ግን ዛሬ አንዱን አጥብቄ እይዛለሁ። ቱቦው ትናንት ጨጓራ ውስጥ መሆኑ ዛሬም እዚያው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ልጁ በተመገበ ቁጥር፣ ከመመገቡ በፊት፣ ቱቦው የት እንዳለ መረጋገጥ አለበት። የማረጋገጫው ዕውቀትና መሣሪያም ልጁ ከሆስፒታል ሲወጣ አብሮት ይውጣ እላለሁ።

ነገሩን ከጉሮሮ እንጀምር። ጉሮሮ ላይ ሁለት መንገዶች ተጎራብተው ይገኛሉ፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ ሌላው ወደ ጨጓራ ይወስዳል። ስንውጥ የአየሩ መንገድ ለቅጽበት ይዘጋና ምግቡ ያልፋል። ይህ ቅንጅት ሲዛባ ነው «ትን አለኝ» የምንለው። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ያስላል፤ ሳሉም የገባውን መልሶ ያወጣዋል። ሁሉም ልጅ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት የሚቻለው የፅንሱ ዕድሜ 34 ሳምንት ገደማ ሲደርስ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን የእናቱ ወተት ታልቦ በቱቦ ይሰጠዋል። ሲወለድ ታፍኖ ወይም የማጅራት ገትር ይዞት አንጎሉ የተጎዳ፣ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ችግር ያለበት ልጅ የአፉና የጉሮሮው ጡንቻ አይታዘዝለትም። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ አለ። በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ የሚያቃጥል የጽዳት ኬሚካል ጠጥቶ የምግብ ቧንቧው የጠበበ አለ። በከባድ የምግብ እጥረት የደከመም አለ፤ እሱን በተመለከተ ግን የአገራችን የሕክምና መመሪያ ቱቦው ከ3 ቀን በላይ እንዳይቆይ ይመክራል፤ ልጁም ቱቦው ወጥቶለት ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። የእኛ የዛሬ ጉዳይ ከቱቦው ጋር ወደ ቤት የሚመጡት ናቸው።

ልጅ አልበላ ሲል በአገራችን የምንሄድበት የቆየ መንገድ አለ፤ መጋት ይባላል። ልጁ ተንጋሎ ይያዛል፣ አጥሚቱ ወይም ወተቱ በመዳፍ ወደ አፉ ይፈስሳል፣ አንዳንዴም አፉን እንዲከፍት አፍንጫው ይያዛል። ይህ የሚደረገው ከፍቅር ነው፤ የሚራብ ልጅ ፊት እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ እናት የለችም። መዋጥ የማይችል ልጅ ሲጋት ግን ምግቡ የሚሄደው ወደ ሳንባው ነው። እየተጋተ በየወሩ የሳንባ ምች የሚመላለስበት ልጅ ካለ ብርድ ከመታማቱ በፊት የአመጋገቡ መንገድ ይመርመር። ብዙ ቤተሰብ ቱቦን የሞት ምልክት አድርጎ ስለሚያየው ነው ይህን አስቀድሜ የማነሣው። ቱቦው ልጁ የተሳነውን የመዋጥ ሥራ ይሠራለታል፤ ተስፋ የተቆረጠበት ልጅ ምልክት አይደለም።

ሆኖም ቱቦው ጉሮሮን አልፎ ሲሄድ የጉሮሮውን ዘብ አብሮ ያልፈዋል። በአፍ የሚበላ ልጅ ምግቡ መንገድ ሲስት ሊያስል ይችላል። የቱቦው ጫፍ ሳንባ ውስጥ ወይም ጉሮሮ ላይ ከሆነ ግን የምናፈስሰው ወተት በቀጥታ እዚያው ይወርዳል፤ የደከመ ወይም አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ደግሞ ሳይስል፣ ሳያለቅስ፣ ጸጥ ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ስለዚህ «አላሳለም፣ ደህና ነው» የሚለው አባባል ለእነዚህ ልጆች አይሠራም። ቱቦው ከቦታው የሚለቅባቸው ምክንያቶች ሁሉ የቤት ውስጥ ናቸው። ልጁ ያስመልሳል፣ ወይም ክፉኛ ያስላል፤ ጫፉ ወደ ላይ ይመለስና ጉሮሮ ውስጥ ይጠቀለላል። በላብና በምራቅ የራሰ ፕላስተር ይላላል። በአንቀልባ ሲታዘል ቱቦው በነጠላ ይያዛል፣ ታናሽ ወንድም ይጎትተዋል፣ ልጁም ራሱ ጣቱን አስገብቶ ይስበዋል። እናት ልጇን በጥንቃቄ ብትይዝም ከእነዚህ አንዱ መከሰቱ አይቀርም።

«ይህ ሥጋት የገጠር ነው፤ የተማረ ሰው ቢይዘው አይሳሳትም» የሚል ካለ፣ ማስረጃው ተቃራኒውን ያሳያል። በእንግሊዝ የነበረው ብሔራዊ የታካሚዎች ደኅንነት ኤጀንሲ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ አፍንጫ ቱቦ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን እንደገና ሲመለከት፣ ከመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በኋላ ብቻ ምግብ በቱቦ ወደ ሳንባ በመግባቱ 21 ሰዎች መሞታቸውንና ሌሎች 79 መጎዳታቸውን ገለጸ። ይህ የሆነው ራጅ፣ ላቦራቶሪና በቂ ነርስ ባላቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው ምክንያቱ ነው፤ ግማሽ ያህሉ አደጋ የደረሰው የራጁ ፊልም በተሳሳተ መንገድ በመነበቡ ነበር። ከዚህ የምረዳው የትምህርት ደረጃ ብቻውን ልጁን እንደማያድነው ነው። ልጁን የሚያድነው እያንዳንዱን ጊዜ እንደ መጀመሪያው ጊዜ ቆጥሮ መፈተሽ ነው፤ ይህን ደግሞ ዲግሪ የሌላት እናት ዲግሪ ካለው እኩል ልትሠራው ትችላለች።

ታዲያ እንዴት ይፈተሻል? ቱቦው መጀመሪያ ሲገባና ቦታው ሲረጋገጥ፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ ጋር የሚገጥመው ቦታ ላይ በማይለቅ ቀለም ምልክት ይደረጋል፤ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነም ይጻፋል። ከመመገብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ምልክቱ ቦታው ላይ መሆኑ ይታያል፣ የልጁ አፍ ተከፍቶ ቱቦው በስተኋላ አለመጠቅለሉ ይታያል። ምልክቱ ወጥቶ ከታየ ምርመራው እዚያው አበቃ፤ ምግብ አይሰጥም። ምልክቱ ቦታው ላይ ቢሆንም ግን አይበቃም፤ ላዩ ሳይነቃነቅ ውስጡ ሊታጠፍ ይችላልና። ቀጥሎ በስሪንጅ ቀስ ብሎ ከቱቦው ትንሽ ፈሳሽ ይሳባል። ጨጓራ አሲድ ያመነጫል፤ ሳንባ አያመነጭም። የተሳበው ጠብታ የአሲድ መጠን በሚለካው የፒኤች ወረቀት ላይ ሲደረግ ቀለሙ ይለወጣል፤ ቀለሙ በማሸጊያው ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል። ንባቡ ከ1 እስከ 5.5 ከሆነ መመገብ ይቻላል። ከ5.5 በላይ ከሆነ አይቻልም። ምንም ፈሳሽ አልመጣም ማለት ቱቦው ሳንባ ገብቷል ማለት አይደለም፤ ልጁን በግራ ጎኑ አስተኝቶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መሳብ ብዙ ጊዜ ያመጣዋል። ልጁ በቅርቡ ወተት ከወሰደ ወተቱ አሲዱን ስለሚያቀጥነው አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መለካት ይሻላል። እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ልጅም ንባቡ ከፍ ሊል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ልጅ በተመለከተ ሐኪሙ አስቀድሞ የተለየ መመሪያ ይስጣችሁ።

ስለ ሌሎቹ ዘዴዎች ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም፤ ብዙ ቦታ አሁንም ይሠራባቸዋልና። አንደኛው በስሪንጅ አየር እየገፉ ሆድ ላይ በማዳመጫ መስማት ነው። ድምፁ ይሰማል፤ ችግሩ የቱቦው ጫፍ ሳንባ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ሆኖም ድምፁ ወደ ሆድ ተሻግሮ መሰማቱ ነው። ሁለተኛው የቱቦውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ማየት ነው፤ ጨጓራም ውስጥ አየር ስላለ አረፋው ምንም አይለይም። ሦስተኛው በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የምናውቀው ሰማያዊ ሊትመስ ነው። ሊትመስ አሲድ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም፤ ስለዚህ ብርቱውን የጨጓራ አሲድ ከሌላ ደካማ አሲድ አይለይም። ይህን የምለው ማንንም ባለሙያ ለመንቀፍ አይደለም፤ እነዚህ ዘዴዎች ለረጅም ዘመን በዓለም ሁሉ ሲሰጡ የኖሩ ትምህርቶች ናቸው። አደጋው ተቆጥሮ ሲታይ ግን አስተማማኝ እንዳልሆኑ ታወቀ።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፤ «የፒኤች ወረቀቱ አዘና የት ይገኛል?» እውነት ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ግን ጥያቄውን በደንብ እንየው። ወረቀቱ ቀጭን ጥቅልል ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፣ አንድ እሽግ ብዙ ቀን ያገለግላል። ቱቦውንና ስሪንጁን ሰጥቶ ልጁን ወደ ቤት መላክ የቻለ ሥርዓት ወረቀቱን መጨመር አያቅተውም፤ የሚያቅተው የሕክምናው አካል መሆኑ ሳይታሰብ ሲቀር ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለእናቲቱ መቅረብ የለበትም፤ ለላካት ሆስፒታልና ለመድኃኒት ግዢው ነው የሚቀርበው። እስከዚያው ወረቀት የሌለው ቤት ምን ያድርግ? ምልክቱን፣ አፉን፣ የልጁን አተነፋፈስ ያያል፤ ይህ ግን የጎደለ ፍተሻ መሆኑን ያውቃል። ቅንጣት ጥርጣሬ ካደረበት፣ ልጁ ካስመለሰ፣ ቱቦው ከተጎተተ ወይም ፕላስተሩ ከተላቀቀ ምግቡን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። አንድ ምግብ የቀረበት ልጅ ይርበዋል እንጂ በዚያ አይሞትም፤ ወደ ሳንባው ወተት የገባበት ልጅ ግን ሊሞት ይችላል። ከመንገዱ ርቀት የተነሣ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር ብቻ እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረቀቱ ከልጁ ጋር ወደ ቤት ይምጣ የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያለ ፍተሻ መሣሪያ የተላከች እናት በየጥርጣሬዋ መንገድ ትወጣለች፣ ወይም ጥርጣሬዋን ውጣ ትመግባለች።

ሌላው ተቃውሞ «ገበሬ እናት ይህን ሁሉ አትችልም» የሚለው ነው። ይህን አባባል እኔ አልቀበለውም። አገራችን በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽንን ስትጀምር የተነሣችው ቤተሰብ ከተማረ ጤናውን በእጁ ሊይዝ ይችላል ከሚል እምነት ነው፤ ክትባቱና የእናቶች ክትትሉ ያንን አሳይቷል። የሚጎድለው የማስተማሩ መንገድ ነው። ልጁ በሚወጣበት ቀን፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ በፍጥነት የተነገረ ምክር ትምህርት አይባልም። እናቲቱ አዊኛ ተናጋሪ ከሆነች ትምህርቱ በአዊኛ ይሰጣት፤ በአማርኛ ተነግሯት «እሺ» ስላለች ገባት ማለት አይቻልም። ነርሷ ስታደርግ ማየቷም አይበቃም። ራሷ ምልክቱን አይታ፣ ራሷ ስባ፣ ራሷ ቀለሙን አንብባ፣ ነርሷ ዝም ብላ እያየቻት ደጋግማ ታድርገው። ሌላ አንድ ሰው፣ አባትየው ወይም አያትየው፣ አብሮ ይልመድ፤ እናት የምትታመምበትና ገበያ የምትሄድበት ቀን አለና። በአካባቢዋ ያለችው የጤና ኬላ ባለሙያም ይህ ልጅ በቀበሌዋ እንዳለ ትወቅ።

አሁን ወደ አመጋገቡ። ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑ ከተረጋገጠ ቀሪው ሥራ ትዕግሥት ነው። ልጁ ተኝቶ አይመገብም፤ ከራሱ በኩል ቀና ተደርጎ ይታቀፋል ወይም ይደገፋል፣ ከበላ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆያል። የስሪንጁ መግፊያ ይወጣና ምግቡ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንዱ ምግብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቢወስድ ጥሩ ነው። በኃይል መግፋት ያው መጋት ነው፤ ልጁን ያስመልሰዋል። መሐል ላይ ልጁ ካሳለ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አተነፋፈሱ ከተለወጠ ወዲያው ይቆማል፣ ልጁ በጎኑ ይደረጋል፣ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ከምግቡ በፊትና በኋላ ሐኪሙ በወሰነው መጠን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይለቀቃል፤ ቱቦ የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ይህ ሲረሳ ነው። ከተዘጋ ለብ ያለ ውሃ በትልቅ ስሪንጅ በዝግታ እየገፉና እየሳቡ መሞከር ነው። ትንሽ ስሪንጅ ግፊቱ ብርቱ ስለሆነ ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ሽቦ ማስገባት ጨርሶ አይታሰብም፤ ለስላሳ መጠጥም የወተቱን ፕሮቲን አርግቶ መዘጋቱን ያባብሰዋል።

ምን ይሰጥ የሚለው እንደ ልጁ ዕድሜና ሕመም ይለያያል። ለትንሹ ሕፃን የእናቱን ወተት የሚተካ የለም። ከፍ ላለው ልጅ ብዙ ቤተሰብ አጥሚትና ሾርባ ያዘጋጃል፤ ወፍራሙ ቱቦውን ይዘጋል፣ የቀጠነው ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ልጁን አያሳድግም። ስለዚህ ምን ያህል ወተት፣ እንቁላል፣ ዘይት እንደሚገባበት ከባለሙያ ጋር ተለክቶ ይወሰን፤ ልጁም በየጊዜው ይመዘን። ቀጭን ወንፊት ያላለፈ ምግብ ቱቦ ውስጥ አይግባ፤ ተዘጋጅቶ ክፍሉ ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየም ይደፋ። የአዊ ማር የታወቀ ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በአፍም ሆነ በቱቦ ማር አይሰጥም፤ ውስጡ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ጀርም ሕፃኑን ሽባ የሚያደርግ መርዝ ያመነጫል። በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል ቤት ውስጥ ማዘጋጀት የሚከብዳቸው አሉ፤ ሕፃንና ሕመምተኛ እንደማይጾሙ የንስሐ አባታችሁን ብትጠይቁ ያረጋግጡላችኋል። ጠበልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መዋጥ የማይችል ልጅ በረከቱን የሚያገኘው ተረጭቶ ወይም ተቀብቶ ይሁን፤ በአፉ ከተጋተ ወደ ሳንባው ይሄዳል። ይህንን ለካህኑ በግልጽ መንገር ድፍረት አይደለም።

«ቱቦ የለመደ ልጅ መብላት ይረሳል» ይባላል። ይህ ፍርሃት መሠረት አለው፤ አፉ ለወራት ሥራ ፈት የሆነ ልጅ ምግብ ሲነካው ሊደነግጥ ይችላል። መልሱ ግን ቱቦውን መንቀል አይደለም። በቱቦ እየተመገበ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር መሶቡ አጠገብ ይቀመጥ፣ ከንፈሩ ይዳሰስ፣ አፉ በየቀኑ ይጽዳ፤ ባለሙያ ከፈቀደ ደግሞ በጣት ጫፍ ጣዕም ይቅመስ። መዋጥ መቻሉን የሚወስነው ግን ምርመራ ነው።

ለወራትና ለዓመታት ቱቦ የሚያስፈልገው ልጅ የአፍንጫው መንገድ አይመቸውም። በሆድ በኩል በቀጥታ ወደ ጨጓራ የሚገባ፣ ጋስትሮስቶሚ የሚባል ቱቦ አለ። ያለ ሰፊ ቀዶ ሕክምና፣ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ውስጡ እየታየ የሚገባው ዓይነት መጀመሪያ የተሠራው በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ነው፤ የሠሩትም ጋውደረር የተባለ የሕፃናት ቀዶ ሐኪምና ፖንስኪ የተባለ የኢንዶስኮፒ ባለሙያ ነበሩ፤ የታሰበውም ገና ከጅምሩ ለሕፃናት ነው። ይህ ቱቦ ጉሮሮን ስለማይነካ ወደ ሳንባ የመግባት ሥጋቱ ይቀንሳል፤ የራሱ ሥጋት ግን አለው። ዙሪያው በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይደርቃል፤ ልጁ ሲታዘል ሆዱ ላይ ስለሚጫን መታቀፍ ይሻለዋል። ከወጣ ቀዳዳው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጥበብ ይጀምራል፤ ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ፣ የወጣውን ቱቦ ይዞ፣ በዚያው ቀን ሳይመሽ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ከገባ ገና ጥቂት ሳምንት የሆነው ከሆነ ቤት ውስጥ መልሶ ለማስገባት በፍጹም አይሞከር፤ ጨጓራውን ስቶ የሆድ ዕቃ መሐል ሊገባ ይችላል፤ ምግብ እዚያ ከፈሰሰ ለሕይወት ያሰጋል።

ልጃችሁ በእንጅባራ፣ በዳንግላ፣ ወይም ባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነና «ነገ ትወጣላችሁ» ከተባላችሁ፣ ዛሬ ማታውኑ ጠይቁ። ቱቦው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው? ከምን የተሠራ ነው፣ መቼ ይቀየራል? አንዳንዱ ከሳምንት በላይ አይቆይም፣ አንዳንዱ ወር ያህል ይቆያል። በምን እፈትሻለሁ፣ ወረቀቱስ? ስንት ሚሊ ሊትር፣ በቀን ስንት ጊዜ? ቱቦው ቢወጣ ሌሊት ወዴት እሄዳለሁ፣ ለማን እደውላለሁ? መልሱ በወረቀት ይጻፍላችሁ፤ ከዚያ አንዱን ምግብ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ነርሷ እያየች፣ ከፍተሻው ጀምራችሁ እናንተ ስጡት።